ጉንፋን ነው ብለን ነበር

ትናንት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ ስገባ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ልጅ ያስላል፣ ከደረት ስር የሚመጣ ሳል፣ አይኑ ቀልቶ እንባ አቅርሯል፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን ትንሽ ገፋ አድርጌ ከፈትኩት። ወዲያው አጠገቤ ያሉት እናት «የኔ ልጅ ዝጊው እስቲ፣ ጠዋት ነው ብርድ ይመታናል» አሉኝ፣ ረዳቱም ከበሩ ጋ ሆኖ «እህት መስኮቱን» አለኝ፣ ዘጋሁት። እስከ ሳሪስ ድረስ ያ ሁሉ ሰው አንድ አየር እየተቀባበልን ሄድን። ማንንም መውቀሴ አይደለም፣ እኔም ከሁለት አመት በፊት መስኮት ዝጉ ከሚሉት ነበርኩ። ግን እዛው ቁጭ ብዬ ይሄን ነገር ዛሬ እጽፈዋለሁ አልኩ፣ ህዳር እየመጣ ነው፣ ህዳር ሲመጣ ደግሞ እኔ ስለ እማዬ እንቅልፍ የለኝም።

እኛ ጋ ለሁሉም ስሙ ጉንፋን ነው። አፍንጫ ሲያፈስም ጉንፋን፣ ጎልማሳ ሰውዬ ለአስር ቀን አልጋ ላይ ሲውልም ጉንፋን፣ በጣም ከከበደ ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይፈለጋል። እና ጉንፋን ደግሞ በሽታ አይደለም፣ ማንም «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ ከስራ አይቀርም፣ ቢቀርም አለቃው አያምነውም። በኋላ ነው የተማርኩት፣ ያ አፍንጫ የሚያፈሰው ቀላሉ ጉንፋን ሌላ ብዙ አይነት ቫይረሶች የሚያመጡት ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ግን ራሱን የቻለ ቫይረስ ነው። አመጣጡም ይለያል። ቀላሉ ጉንፋን ጉሮሮህን እየከረከረ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ከሰዓት ላይ አንስቶ ይጥለዋል፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚፈልጥ ህመም፣ ሁሉም ባንዴ።

እማዬ 2016 ህዳር ላይ ነው የታመመችው። ቀኑን የማስታውሰው ህዳር 12 ስለነበረ ነው፣ ህዳር ሲታጠን። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ልጆቹ ቆሻሻውን ሰብስበው አቃጥለውት ጭሱ እኛ ሶስተኛ ፎቅ ድረስ እየገባ ነበር፣ እማዬ ማሳል ስትጀምር ጭሱ ነው ብለን በረንዳውን ዘጋን። ማታ ላይ ግን «ልጄ አጥንቴን እየፈለጠኝ ነው» አለችኝ፣ እጇን ስነካው እሳት። የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ አሞኝ ነበር፣ ሁለት ቀን አተኮሰኝ፣ ፓራሲታሞል እየዋጥኩ ስራ እየሄድኩ ማታ ማታ እየመጣሁ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እራት እበላ ነበር፣ እኔ ዳንኩ። ከኔ ነው የያዛት። ይሄን ማንም አልነገረኝም ግን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ዳማከሴ ይዛ መጣች፣ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ቡና ላይ ጨመቀችላት፣ እማዬ ጠጣች ትንሽ አላባት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ጉንፋን ነው ፈሳሽ ትውሰድ ተባልን። ፋርማሲ ሄድኩና አሞክሳሲሊን ገዛሁ፣ ማዘዣ አላለኝም እኔም ለምን እንደምገዛው አልጠየቅኩም፣ ሁላችንም እንደዛው አይደል የምናደርገው፣ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካ ማን ቆሞ ያስባል። በአራተኛው ቀን ተሻላት። ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ አጥሚት ጠጣች፣ ቴሌቪዥን ከፈተች፣ እኔም ተመስገን ብዬ ስራ ገባሁ።

በስድስተኛው ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ትንፋሿን ሰማሁት። እንዴት ልግለጸው፣ አጭር አጭር ነው፣ ሩጦ የመጣ ሰው አይነት፣ መሃል ላይ ደግሞ የሚያፏጭ ነገር አለው። መብራት ሳበራ ከንፈሯ ተለውጧል፣ «እማዬ» ስላት አይኗን ገልጣ አየችኝና የሞተች አክስቴን ስም ጠራችኝ። የጎረቤት በር ደበደብኩ። የኛ ብሎክ ሊፍት የለውም፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠናት ሁለት ወንዶች ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ እኔ ነጠላዋ እንዳይጎተት ይዤ በስልክ መብራት ደረጃውን ወረድን። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን የሚለካውን፣ ጣት ላይ የሚቆነጥጠውን ነገር ሲያደርጉላት 84 አለ፣ ከ95 በላይ መሆን አለበት ተባልኩ፣ ስኳሯ ሲለካ 412። እማዬ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ጾም በሆነ ቁጥር ምግቧ ላይ እንጨቃጨቃለን እንጂ 200 እንኳን አልፎባት አያውቅም ነበር። ኢንፌክሽን ሲገባ ስኳር እንደሚያሻቅብ ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው።

ራጅ ተነሳች፣ የሳንባ ምች። አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ አስገብተው ሲመረምሩ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ተገኘ። ዶክተሯ በጣም ልጅ ነች ግን የሚገባ አድርጋ ነው የነገረችኝ፣ «ኢንፍሉዌንዛው የሳንባዋን ግድግዳ አቆሰለው፣ ባክቴሪያው ክፍት በር አግኝቶ ገባ፣ ተሻላት ብላችሁ ስታዩ የነበረው መሃሉን ነው» አለችኝ። ከዛ «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደው ያውቃሉ?» ስትለኝ እኔ የተናገርኩትን ልንገራችሁ፣ «ዶክተር እማዬ 67 አመቷ ነው» አልኳት። ክትባት የህጻናት ነገር ነው ብዬ ነዋ። ለኔ ክትባት ማለት ሰማያዊዋ የልጆች ካርድ፣ ፖሊዮ፣ ኩፍኝ፣ በቃ።

ዘጠኝ ቀን ተኛች። ኦክስጅኑን፣ ሌሊት ወንበር ላይ እንቅልፍ መቆራረጡን፣ ዲፖዚት ጨምሩ ሲባል ለዘመድ መደወሉን አልዘረዝረውም፣ ያየው ያውቀዋል። ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ ግን ደረጃውን ያለ እረፍት ለመውጣት እስከ የካቲት ፈጅቶባታል፣ በየፎቁ ቆማ ግድግዳ ትደገፍ ነበር።

አሁን ወደ ህዳር 12 ልመለስ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ህዳር ሲታጠን ለምን እንደሆነ እቤት ስንቶቻችን እንጠይቃለን? ለህዳር ሚካኤል ነው፣ ቆሻሻ ለማጽዳት ነው ይባላል። 1911 ህዳር ላይ አዲስ አበባ የገባው የህዳር በሽታ ነው መነሻው፣ ከተማው ውስጥ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይነገራል፣ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ያ በሽታ ምን ነበር? ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. የ1918 ወረርሽኝ የሚሉት፣ አለምን በሙሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። በዛን ጊዜ ቫይረስ መሆኑን እንኳን ማንም አያውቅም፣ የሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ ክትባት ደግሞ ከዛም በኋላ። ስለዚህ አያቶቻችን በእጃቸው የነበረውን አደረጉ፣ አጠኑ፣ አቃጠሉ፣ ጸለዩ። እኛ ከ107 አመት በኋላም በየአመቱ እሳት እያነደድን እናስታውሰዋለን፣ በሽታውን ራሱን ግን ጉንፋን ብለነው አጠገባችን ተቀምጧል። የኛ ግቢ ጭስ ሽቅብ ሲወጣ እማዬ ውስጥ የነበረው ያው የዛ ዘር ነው። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

እርግጥ በየአመቱ የሚዞረው እንደ 1911ዱ አይደለም። ግን የአለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት በየአመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው በጽኑ ይታመማል፣ ከ290,000 እስከ 650,000 ሰው ደግሞ በዚሁ ምክንያት በመተንፈሻ ችግር ይሞታል። ካናዳ ውስጥ የተሰራ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ የተገኘባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ህመም የመከሰት እድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። እኛ ሰፈር «ትንሽ አሞት ነበር፣ ድንገት ልቡ ቆመ» የተባለለት ስንት ሰው አለ፣ ድንኳን ስንገባ ትንሽ አሞት የነበረው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ክትባቱን ፍለጋ የጀመርኩት እማዬ ካገገመች በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ጠየቅኩ፣ በነጻ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የለም፣ ይሄን እወቁት፣ እዛ ሄዳችሁ ሰራተኞቹን አትቆጡ። መንገዱን ያሳዩኝ ከታች ያሉት ሀጂ ናቸው። ደረጃ ላይ ሳጫውታቸው «እኔ እኮ ለሀጅ ስሄድ ከማጅራት ገትሩ ጋር ተወግቻለሁ» አሉኝ፣ የተወጉበትንም ነገሩኝ። ከዛ ከተማ መሃል ያሉ የግል ክሊኒኮችና ትላልቅ ፋርማሲዎች ጋ እየደወልኩ ማጠያየቅ ነው፣ አንዳንዱ የለም ይላል፣ አንዱ አልቋል ይላል፣ አንዱ በሳምንቱ ይገባል ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ለኛ አይነት ሰው ታስቦበት የሚወጣ ብር ነው። እኔ ግን ለዘጠኝ ቀን አልጋና ለኦክስጅን የከፈልነው ደረሰኝ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፣ መሞቅም መቀዝቀዝ እስከ በረዶም የለበትም፣ እና መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን፣ ስለዚህ ጄኔሬተር አላችሁ ወይ፣ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አለው ወይ ማለት ነውር አይደለም። እኔ ስጠይቅ አንዷ ፋርማሲስት ፍሪጁን ከፍታ አሳየችኝ፣ ደስ አላት እንደውም። እቤት ይዤ ሄጄ አስወጋለሁ ካላችሁ በበረዶ ሳጥን ነው እንጂ በቦርሳ ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አይሆንም። ሁለተኛ የየትኛው አመት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት፣ ያምናው ለዘንድሮ አይሆንም።

ለምን በየአመቱ የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ እማዬም ጠይቃኛለች። ቫይረሱ ልብሱን እየቀየረ ነው የሚመጣው፣ አምና ያወቀው ሰውነታችን ዘንድሮ ላያውቀው ይችላል፣ ደግሞ ክትባቱ የሚሰጠው መከላከያም በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ የአለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከየአገሩ የተሰበሰበውን ናሙና አይተው በአመት ሁለቴ፣ የካቲት አካባቢ ለሰሜኑ የምድር ክፍል፣ መስከረም አካባቢ ለደቡቡ፣ የቀጣዩ ክትባት ውስጥ የትኞቹ ይግቡ ይላሉ። በፊት አራት አይነት ይገባ ነበር፣ አንደኛው ቢ ያማጋታ የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ የትም ስላልታየ አሁን ሶስት ሆኗል። አንድ የቫይረስ ዘር በኮቪድ ጊዜ ሰው ሁሉ ማስክ አድርጎ እቤቱ ሲቀመጥ ጠፋ፣ ይሄ ለኔ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ያ መስኮት መክፈትና አፍን መሸፈን ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

«ክትባቱ ራሱ ጉንፋን ያሲዛል» የሚለውንም እሰማለሁ፣ ስራ ቦታ አንዷ ምላ ነው የነገረችኝ። በመርፌ የሚሰጠው ውስጥ በህይወት ያለ ቫይረስ የለም፣ የሞተ ነው ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ነው፣ ሊያሳምም አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል፣ ያ ሰውነት እየተማረ ነው። ደግሞ ለመማር ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፣ በነዛ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከታክሲ ከያዛችሁ ይዟችኋል፣ ሌላውን ቀላሉን ጉንፋን ደግሞ መቼም አይከላከልም። እና እውነቱን ልናገር፣ ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ክትባቱና የሚዞረው ቫይረስ በደንብ በተገጣጠሙበት አመት ታሞ ሀኪም ቤት የመሄድን ነገር ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው የሚቀንሰው። ግን ተከትቦ የሚታመም ሰው እንኳን አይሲዩ፣ ጽኑ ህሙማን ክፍል፣ የመግባት እድሉ ይቀንሳል፣ እኔ ደግሞ ያን ወንበርና ያን ደረጃ ካየሁ በኋላ ግማሹም ይበቃኛል።

አምና 2017 ህዳር ላይ ነው እማዬን ይዣት የሄድኩት። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ከዛ ሰው ነግሯት በእንቁላል ነው የሚሰራው አለችኝ፣ እውነት ነው አብዛኛው የሚመረተው እንቁላል ውስጥ ነው፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ገብቷል። ለሊቱን ሙሉ ስታስብ አደረች መሰለኝ ጠዋት ለንስሐ አባቷ ደወለች። ስፒከር ላይ ነበር፣ «ልጄ መድኃኒት ነው፣ ሂጂ ተወጊ፣ ለጾምሽም ጉልበት ያስፈልግሻል» አሏት። በቃ አለቀ። ሲስተሯ የቀሚሷን እጅጌ ልትጠቀልል ስትሞክር ጠባብ ሆኖ አልሄድ አለ፣ እማዬ በአንድ እጇ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ይዛ በሌላው ትከሻዋን ራሷ አወጣች፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ አይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሲስተሯ ጥጡን ይዛ ጨርሳለች። «ይሄው ነው?» አለች። «ይሄው ነው ማዘር» አለቻት። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የተኛሁት?» አለችኝ፣ እኔ መልስ አልነበረኝም። እኔም ወዲያው ተከተብኩ፣ ምክንያቱም የያዛት ከኔ ነው፣ በሽታው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ወደ ሌላ ሰው ሊያልፍ ስለሚችል ሳመም እርቃታለሁ ብሎ ነገር አይሰራም።

አሁን ቅድሚያ ለማን ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እቤታችሁ ውስጥ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ወይም የኩላሊት ህመም ያለበት ሰው ካለ፣ ከ65 በላይ የሆነ ካለ ከነሱ ጀምሩ። እርጉዝ ሴትን ግን አደራ። ከስድስት ወር በታች ያለ ህጻን ክትባቱን መውሰድ አይችልም፣ ከእናቱ በደም የሚያገኘው ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ እናትየዋ ስትከተብ ሁለት ሰው ነው የተከተበው። ከስድስት ወር በላይ ያሉ ትንንሽ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከዘጠኝ አመት በታች ያሉት አራት ሳምንት አራርቀው ሁለት ጊዜ ነው የሚወስዱት፣ ያንን ክሊኒኩ ይነግራችኋል። ከዚህ በፊት ከዚሁ ክትባት በኋላ ከባድ አለርጂ ሆኖበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሀኪም ያማክር።

የመንግስት ጤና ጣቢያ ቢያንስ ለስኳር ታካሚዎችና ለእርጉዞች በነጻ ቢሰጠው ደስ ይለኝ ነበር። እማዬ በየወሩ የስኳር መድኃኒቷን ለመውሰድ ተሰልፋ የምትጠብቅበት አግዳሚ ላይ ሃያ ምናምን እናትና አባት አሉ፣ ሁሉም ያስላሉ፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እነሱ የግል ክሊኒክ አይሄዱም። እማዬ አሁን እዛ ስትቀመጥ መስኮቱን ራሷ ትከፍተዋለች፣ ብርድ ይመታናል ሲሏት «ብርዱ አይደለም የጣለኝ፣ ትንፋሽ ነው» ትላቸዋለች።

የዘንድሮው ገብቷል ብለው ትናንት ከሰዓት ደወሉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንወጣው፣ ታክሲው ሳይጨናነቅ። ያ ዳማከሴ ያመጣችልን ጎረቤታችንም አብራን ትሄዳለች፣ አስም አለባት፣ ብሩን ከእቁብ አውጥታ ለብቻው ፖስታ ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ እማዬ ደግሞ ዘንድሮ እጅጌው ሰፊ የሆነውን ቀሚስ ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች።